ሳይቆለፍ የተለካ መስመር

በጡረታ የተሰናበትሁ ዕለት፣ ጅጅጋ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ውስጥ ባልደረቦቼ ተሰብስበው የምስክር ወረቀት በመስታወት አስገብተው ሰጡኝ። በወረቀቱ ላይ «የታካሚዎችን ምስጢር በታማኝነት የጠበቀ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰፍሮ ነበር። ወጣቱ ኃላፊያችን ቃሉን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሰውም አጨበጨበ። እኔም ጎንበስ ብዬ ተቀበልሁ።

ያ ዐረፍተ ነገር እውነት አይደለም። የታካሚዎች ምስጢር አንድ ጊዜ በከፋ ሁኔታ ወጥቷል። በዚህም ምክንያት ሆዳን የምትባል የቱሊ ጉሌድ ጤና ጣቢያ የራጅ ባለሙያ ከሥራዋ ተሰናብታለች፤ ስሟም በከተማው ክፉኛ ተነሥቷል። ከጥፋቱ የሚበዛው ድርሻ የእኔ እንደ ነበረ ግን እስከዚያ ዕለት የትም አልተጻፈም ነበር። አሁን የምጽፈው እርሱን ነው።

ወደ ጅጅጋ የመጣሁት የሒሳብ መምህር ሆኜ ነው። ኮምፒውተር ወደ ትምህርት ቤታችን ሲገባ የአጠቃቀም መጽሐፉን ያነበበው እኔ ብቻ ስለ ነበርሁ ጠጋኙም እኔው ሆንሁ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ጠመኔውን ትቼ በኔትወርክ ሥራ ወደ ጤና መሥሪያ ቤት ተዛወርሁ። ስለ ደሞዝና ስለ በረሃ አበል ብዙ የምለው የለኝም፤ አበሉ ዘግይቶ ይደርስ ነበር፤ ይደርስ ግን ነበር።

ከሰባት ዓመት በፊት ገደማ የተሰጠን ሥራ ሲነገር ቀላል ነበር። በየወረዳው የሚነሣው የደረት ራጅ ጅጅጋ ላሉት ሐኪም በኢንተርኔት እንዲደርስ፣ ሐኪሙም አይተው ውጤቱን በዚያው ቀን እንዲመልሱ ማድረግ ነው። ኢንተርኔት የሕዝብ ጎዳና ነውና የታካሚ ስምና ምስል ተራቁቶ አይሄድበትም። ስለዚህ በየጤና ጣቢያው ኢንተርኔቱን የሚያስተላልፍ አንድ ራውተር፣ በጅጅጋም አንድ ዋና ኮምፒውተር ተቀምጦ፣ በመካከላቸው ቪፒኤን የሚባለው የተመሰጠረ መስመር ይዘረጋል። ፋይሉ ከወዲህ ተቆልፎ ይሄዳል፤ ከወዲያ ይከፈታል። ለድርጅት የሚሠሩት ትልልቅ መሣሪያዎች ከአቅማችን በላይ ስለ ነበሩ፣ ለመኖሪያ ቤት ተብለው ከሚሸጡት መካከል እንድንመርጥ ታዘዝን።

የቡድኑ አለቃ መቶ አለቃ ተሰማ ነበሩ። በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት የሬዲዮ ምስጢር ሠራተኛ የነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ጅጅጋ ቀርተው ሬዲዮ ሲጠግኑ፣ ቀጥሎም ኮምፒውተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔን «መምህር» ይሉኝ ነበር። ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ፌዝ ይመስለኛል።

አንድ ራውተር ገበያ ላይ ሲያነሡ መጀመሪያ በመዳፋቸው ይመዝኑታል። ቀጥሎ አገላብጠው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳውን ያያሉ። በመጨረሻ ለሻጩ፣ «ካርቶኑን ለራስህ አስቀረው፤ ካርቶን አይመሰጥርም» ይሉታል። ቢሮ ሲደርሱ ሁለት ላፕቶፕ ግራና ቀኝ አስቀምጠው፣ ራውተሩን መካከል አድርገው፣ አንድ ትልቅ ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ይልካሉ። አንድ ጊዜ ምስጠራውን ዘግተው፣ አንድ ጊዜ ከፍተው። ሁለቱንም ቁጥር በእርሳስ ይጽፋሉ። ከዚያ ራውተሩን በጋቢያቸው ጠቅልለው አንድ ሰዓት ይተዉትና እንደገና ይለኩታል።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው፣ መቶ አለቃ?» አልኋቸው በመጀመሪያው ቀን።

«አይሻ ነዋ!» አሉኝ። «አይሻ ድረስ ተሸክመህ ሄደህ ከምታፍር፣ አይሻን ወደዚህ አምጣው።»

አይሻ በባቡር ሐዲዱ ላይ፣ ወደ ጅቡቲ ድንበር የምትገኝ ከተማ ናት። እዚያ እኩለ ቀን ላይ ብረት አይነካም። የዕቃው አስሊ ክፍል የሆነው ፕሮሰሰር ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጅጅጋ ላይ የሮጠ ዕቃ አይሻ ላይ የሚያነክሰው በዚህ ነው።

ስለ ምስጠራ ክብደት ያስረዱኝ እንዲህ ብለው ነው፦ «እኔ በወታደር ቤት ሳለሁ ለመላክ አንድ ደቂቃ የሚፈጀውን ቃል ወደ ምስጢር ለመለወጥ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። ሬዲዮው አልዘገየም፤ የዘገየው የእኔ ጭንቅላት ነው። የዚህንም ዕቃ ጭንቅላቱን እየው፤ አንቴናውን ተወው።»

አንድ ነገር ደግሞ ነበራቸው። ጥያቄ አይደግሙም። አንድ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ የመለስህላቸውን ያምናሉ።

በዚያ ዓመት ሰኔ የበጀት መዝጊያ ደርሶ ግዢው ሊታጠፍ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ መቶ አለቃ ለሌላ ሥራ ወደ ድሬዳዋ ሄዱና ምርጫው በእኔ ላይ ወደቀ። አንድ ነጋዴ ለሁሉም ጤና ጣቢያዎች የሚበቃ አንድ ዓይነት ራውተር ነበረው። ዋጋው ተስማሚ፣ በካርቶኑም ላይ የታተመው ቁጥር ትልቅ ነበር። አንዱን ከፍቼ ለካሁት፤ በጣም ፈጠነ። ምስጠራውን ከፍቼ ለመለካት በጅጅጋው ኮምፒውተር ላይ ቁልፎቹን ማዘጋጀት ነበረብኝ፤ ይህም ግማሽ ቀን ይፈጃል። የግዢ ክፍል ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ይህን ያህል የሚሮጥ ዕቃ ቁልፍ ቢጫንበት ምን ያህል ይዘገያል ብዬ በልቤ ገመትሁ። ለዓመታት ተማሪዎቼን «ግምት ማረጋገጫ አይደለም» እያልሁ ስቀጣ የኖርሁት ሰው፣ ገመትሁ።

መቶ አለቃ ከድሬዳዋ ሲመለሱ የርክክቡ ቅጽ ጠረጴዛቸው ላይ ቆያቸው። ብዕራቸውን አንሥተው፣ «መምህር፣ ቆልፈህ ነው የለካኸው?» አሉኝ።

«አዎ» አልሁ።

ፈረሙ።

ክረምቱ አልፎ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ዘመቻ በቱሊ ጉሌድ ተጀመረ። በሶማሊኛ «ቃሆ» ይሉታል። ስሙ ራሱ በሽታውን ያህል ይፈራል፤ ቃሆ ያለበት ቤት ልጅ ለመስጠትም ለመውሰድም ሰው ያመነታል። ሆዳን ሕዝቡን ለምርመራ ያመጣችው ቤት ለቤት እየዞረች፣ «ውጤታችሁን ከሐኪሙና ከእኔ በቀር ማንም አያየውም» እያለች ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበረች። አማርኛዋ የቢሮ፣ ቀልዷ የገበያ።

በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ ዕቃህ ጾም ይዟል እንዴ? ዛሬም ግማሽ ላይ ቆመ።»

«አጥፍተሽ አብሪው።»

«አምስቴ አጠፋሁት፣ አምስቴ አበራሁት። አሁን የምጠፋው እኔ ነኝ፣ ወላሂ!»

የሆነው ይህ ነው። የራጅ ምስል ከባድ ፋይል ነው፤ በዘመቻ ጊዜ ደግሞ በቀን በብዙ ይነሣል። ራውተሩ ያንን ሁሉ ሲመሰጥር አቅሙ ያልቅበታል፤ ይግላል፤ መስመሩን ይጥላል። መስመሩ ሲወድቅ ፋይሉ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የቱሊ ጉሌድ ሰዎች ውጤታቸውን ሳያገኙ በደጃፉ ተቀምጠው ይውላሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሆዳን እንደገና ደወለች፤ በዚህ ጊዜ ቀልድ አልነበራትም።

«ጋሼ፣ ሰው እየተመለሰብኝ ነው። የጫት መኪናው ጭነቱን አራግፎ ባዶውን ወደ ጅጅጋ ይመለሳል፤ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። ምስሉን በፍላሽ ለሾፌሩ ብሰጠውስ? የኛ ጎረቤት ነው።»

የጫት መኪና በዚህ አገር ከሁሉም ይቀድማል፤ ከእኔ መስመርም ቀድሟል። ጥፋቱ የራውተሩ ምርጫ መሆኑን በዚያች ቅጽበት ዐውቄዋለሁ። «አይሆንም፤ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ነገ ሌላ ዕቃ ይዤ እመጣለሁ» ማለት ነበረብኝ። ያልሁት ግን፣ «ምን ልልሽ፤ ብቻ ይድረስ» ነው። ለኋላ የማያስጠይቅ ቃል መርጬ ነበር።

ፍላሹ ለጥቂት ቀናት በደኅና ተመላለሰ። በሾፌሮቻችን ዘንድ ፍላሽ ማለት ግን ዘፈን ማለት ነው፤ መኪናው ውስጥ ይሰካል፣ መንገዱ ይዘፈንለታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ፋይሉን ገልብጠው ፍላሹን ሲመልሱለት፣ ሾፌሩ ባዶ መስሎት ዘፈን እንዲሞላለት ጅጅጋ ለሚገኝ ዘፈን ጫኝ ሰጠው። ጫኙ ከፈተው። ምስሉ ከነስሙ፣ ከነቀበሌው፣ ከነሐኪሙ ማስታወሻ ተዘርዝሮ አገኘው። ሰውዬው የቱሊ ጉሌድ ተወላጅ ነበር። በማግሥቱ ከስሞቹ አንዱ ከተማውን አዳርሶ ነበር። ባለስሟ ሠርጓ ሁለት ሳምንት የቀራት ልጅ ነበረች። የሙሽራው ሽማግሌዎች ጥሎሹን መልሰው ወሰዱ። ልጅቱ መድኃኒቷን ገና ሳትጀምር ከከተማው ሄደች፤ ወዴት እንደ ሄደች እስከ ዛሬ አላውቅም። ሆዳን ደጅ ለደጅ የሰጠችው ቃል በአንድ ቀን ፈረሰ፤ ለምርመራም የሚመጣ ሰው ጠፋ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ሰዎች በረጅም ጠረጴዛ ወዲያ፣ ሆዳንና እኔ በወዲህ ተቀመጥን። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው፣ «በወቅቱ የተመሰጠረው መስመር ይሠራ ነበር ወይስ አይሠራም ነበር?» አሉ።

«ይሠራ ነበር» አልሁ።

አይሠራም ነበር ማለት አይቻልም፤ እየወደቀ እየተነሣም ቢሆን ይሠራ ነበርና። ሆዳን ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። የምትናገር መስሎኝ ጠበቅሁ። «ብቻ ይድረስ» ማለቴን ብታነሣ ኖሮ ላምን ወስኜ ነበር፤ ወይም ወስኜ ነበር ብዬ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። እርሷ ግን ሻሿን አስተካክላ ወደ ሰብሳቢው ተመለሰች። በሳምንቱ «የታካሚ ምስጢር በቸልተኝነት በማባከን» ተሰናበተች። በእኔ ማኅደር ላይ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም።

በዚያው ሰሞን አንድ ማለዳ ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ፤ የመቶ አለቃ የእርሳስ ጽሕፈት ነው። «ሳይቆለፍ ዘጠና። ተቆልፎ ስድስት። በጋቢ ሦስት።» እኔ የመረጥሁትን ራውተር ለክተው ያገኙት ፍጥነት ነው፤ ሌላ ቃል የለውም። ወደ እርሳቸው ሄጄ ቆምሁ።

«እኔ አልናገርም» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «የእኔን ፊርማ እኔ እመልስበታለሁ፤ ቃሉ ግን ያንተ ነው። ስትናገረው ልስማ።»

አልተናገርሁም። ቢሮ ውስጥ አብረን መሥራታችንን ቀጠልን፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። ለሚያውቃቸው ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

አፌ ያልከፈለውን በእጄ ልከፍል ሞከርሁ። ስለዚህ ዕቃ አሁን የማውቀውን ያወቅሁት በዚያ ዓመት ነው። በካርቶኑ ላይ የሚታተመው ቁጥር ሳይቆለፍ የሚያልፈው፣ ያውም ሽቦ አልባው ሁሉ ተደምሮ የሚገኝ ነው። ርካሽ ራውተር ተራውን ጭነት በአቋራጭ ያሳልፈዋል፤ ሲመሰጥር ግን እያንዳንዷን ቁራጭ ፕሮሰሰሩ ራሱ ማኘክ አለበት። አራት ኮር፣ ማለትም አራት አስሊ፣ አለው ተብሎ የተሸጠልህ ዕቃ በአሮጌው የምስጠራ ዘዴ አንዱ ኮር ሲለፋ ሦስቱ ዳር ቆመው ያዩታል። ስለዚህ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው። ፕሮሰሰሩ የመመስጠርን ትእዛዝ በውስጡ ይዞ የተሠራ ነውን? ካልያዘስ፣ ለደካማ ፕሮሰሰር የሚቀልለውን አዲሱን ዘዴ ይቀበላልን? ሁለቱም ከሌሉት፣ ስንት አንቴና ቢኖረውም የጌጥ ዕቃ ነው።

መልሱን ያገኘሁት በድንበሯ ከተማ በውጫሌ በኩል ከሚገቡ ያገለገሉ ዕቃዎች መካከል ነው። ከመጽሐፍ የማይበልጡ ትንንሽ የቢሮ ኮምፒውተሮች፣ ማንም የማይፈልጋቸው ሆነው ተደርድረው አየሁ። ፕሮሰሰራቸው ያንን ትእዛዝ የያዘ ነው። አንድ ተጨማሪ የኔትወርክ መሰኪያ ገጠምሁላቸው፤ የራውተር ሶፍትዌር ጫንሁባቸው፤ ቆልፌ ለካኋቸው፤ በጋቢ ጠቅልዬ ለካኋቸው። መስመሩ የሚችለውን ሁሉ ሳይጎድል አሳለፉ። ዋጋቸው ከአዲሱ ራውተር ብዙም አይበልጥም ነበር። የመጀመሪያውን ለቱሊ ጉሌድ፣ ሁለተኛውን ለአይሻ ተከልሁ። ቱሊ ጉሌድ ስደርስ በራጅ ክፍሉ ውስጥ ከሌላ ወረዳ የተዛወረ ልጅ ተቀብሎኝ፣ «ከኔ በፊት የነበረችው ነች አሉ ያበላሸችው» አለኝ። ገመዱን ማሰሬን ቀጠልሁ።

ወሬው እየተዳረሰ ሲሄድ ነጋዴውም መምህሩም ለቤቱ ራውተር ሊያስመርጠኝ ይመጣ ጀመር። አብዛኛው ዘመዶቹ ውጭ አገር ያሉ፣ ሐዋላውን በቪፒኤን የሚሠራ ነው። አንድ የግመል ነጋዴ ሁለት ካርቶን ታቅፎ መጥቶ፣ «አዴር፣ ባለ ስድስት አንቴናውን ልውሰድ ወይስ ባለ አራቱን?» አለኝ፤ አዴር አጎቴ ማለት ነው።

«ግመል ስትገዛ እግሯን ትቆጥራለህ?»

«ጥርሷን ነው የማየው።»

«የዚህም ጥርሱ ውስጥ ነው፤ ክፈተው።»

«ዋርያ! ግመሏ እንኳ ሳትከፈት ነው አፏን የምታሳየኝ» ብሎ አሳቀኝ። ስስቅ መቶ አለቃ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አዩኝ። አልሳቁም።

በቀጣዩ ዓመት ጡረታ ወጥተው ድሬዳዋ ገቡ። ሁለት ጊዜ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ሁለቱንም ጊዜ ልነግራቸው አስቤ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርተን ተለያየን። ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ልስማ ያሉትን ሳይሰሙ ሄዱ።

በመስታወት የገባው ወረቀት በተሰጠኝ በሳምንቱ ሆዳንን ፍለጋ ወጣሁ። ጅጅጋ ውስጥ በአክስቷ የጨርቅ ሱቅ ትሸጣለች። ስታየኝ ወንበር ሰጠችኝ፤ ሻሂም አዘዘችልኝ። ለማንም እንግዳ እንደምታደርገው ነው።

የጻፍሁትን ደብዳቤ አወጣሁ። ለመሥሪያ ቤቱ የተጻፈ ነው። ራውተሩን ሳልቆልፍ መለካቴን፣ ለአለቃዬ መዋሸቴን፣ «ብቻ ይድረስ» ማለቴን፣ በኮሚቴውም ፊት የማይዋሽ ግን የማይገልጥ ቃል መመለሴን ይዘረዝራል። መጨረሻው ላይ «ስለዚህ ሆዳን ምንም ጥፋት የለባትም» ይላል። እስክትጨርስ ድረስ ወለሉን አየሁ።

«ያኔ ለምን አልተናገርሽም?» አልኋት። ሰባት ዓመት ያደረ ጥያቄ ነበር።

«ትልቅ ሰው ነህ። ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነዋ!» አለች። «ጠበቅሁህ። ከዚያ ሲመሽ፣ ለካ አይናገርም አልሁ።»

ከባንኮኒው ላይ የዋጋ መጻፊያ እስክሪብቶዋን አንሥታ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ መስመር አሰመረች።

«ይሄ ይውጣ። ፋይሉ ላይ የይለፍ ቃል ማድረግ አስተምረኸኝ ነበር። ሰው ብዙ ነው፣ ቸኩያለሁ ብዬ ተውሁት። ያቺ ልጅ ስሟ የወጣው በኔም ነው። የኔን ለኔ ተውልኝ፤ ያንተን ግን አንድም ሳታስቀር ጻፍ። አባቴ ቱሊ ጉሌድ መስጊድ ሲሄድ ‹ልጅህ የሰው ምስጢር ሸጠች› ሲሉት ዝም ብሎ ይመለሳል። ሸጠች የሚለው ነው ያቃጠለኝ። ረሳች ቢሉ እችላለሁ።»

ቤቴ ሄጄ እንደ ቃሏ አድርጌ ገለበጥሁት። «ሆዳን ፋይሉን በይለፍ ቃል ሳትቆልፍ ልካለች፤ እንድትልክ ያስገደዳት መስመር ግን የእኔ ነው» የሚል ሆነ። ወጣቱ ኃላፊ አንብቦ በሩን ዘጋ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለማን ይጠቅማል? አሁን እኮ በክብር ወጥተዋል።»

«ለዚያ ነው የመጣሁት» አልሁትና የምስክር ወረቀቱን ከነመስታወቱ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁለት።

ጉዳዩ በመዝገብ ቤትና በሕግ ክፍል መካከል ወራት ፈጀ፤ ሁለት ጊዜም ተጠርቼ ቃሌን ሰጠሁ። በመጨረሻ ስንብቱ ተሽሮ ወደ ማስጠንቀቂያ ዝቅ ማለቱን፣ ወደ ሥራዋም ልትመለስ እንደምትችል የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለሆዳን ደረሳት። የእኔም ጥፋት ከነስሜ ተጠቅሶበታል።

በማግሥቱ ከቱሊ ጉሌድ ደወለችልኝ። ምስጋና አልነበረውም፤ አልጠበቅሁምም።

«ለአባቴ አነበብሁለት» አለችኝ። «እያንዳንዱን መስመር ወደ ሶማሊኛ እየመለስሁ። የኔ ጥፋት የተጻፈበት ጋ ስደርስ ‹እሱን ዝለዪው› አለኝ።»

«እሺ?»

«አልዘለልሁትም።»